ውሃ፣ ሳሙናና ትምህርት፤ በዋግ ኽምራ የሕፃናትን ዓይን ከትራኮማ ለመጠበቅ የተደረገው ምርምር ታሪክ

መግቢያ

ፊትን መታጠብ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከሚማሯቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ነው። የግል ንጽሕና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በየደረጃው ይነገራል፤ በሥዕል ይታያል፤ በፈተናም ይጠየቃል። የዚህን ትምህርት ጠቃሚነት የሚጠራጠር መምህር አይገኝም። ይሁን እንጂ ትምህርቱ መሰጠቱ አንድ ነገር ሲሆን፣ በትምህርቱ ምክንያት የሕፃናቱ ጤንነት መሻሻሉ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ከመምህሩ የትምህርት ዕቅድ ሊታይ ይችላል። ሁለተኛው ግን የሚታወቀው በመለኪያ ብቻ ነው።

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በሰቆጣ ከተማ፣ በሰቆጣ ዙሪያና በጋዝጊብላ ወረዳዎች ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. የተካሄደው ጥናት ይህንኑ ሁለተኛውን ነገር ለመለካት የተነሣ ነበር። ጥያቄው ለመናገር ቀላል ነው፤ ለአንድ የገጠር ማኅበረሰብ ውሃ ቢቀርብለት፣ ሳሙና ቢታደለው፣ በቤትና በትምህርት ቤት ስለ ንጽሕና ቢማር፣ የሕፃናቱ የዓይን ሕመም ይቀንሳል ወይ? የተገኘው መልስ ብዙዎች የጠበቁት አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወደ ጥያቄው ያደረሰውን ረጅም ታሪክ በአጭሩ ማሳየት፣ ውጤቱን ማስረዳትና ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አዘጋጂዎች የሚሰጠውን ቁም ነገር ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የአገራችን ክንውኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመለከቱ ሲሆን፣ በውጭ አገር የተደረጉት ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እ.ኤ.አ. ተብለው ተጠቅሰዋል።

የበሽታው ጠባይ

ትራኮማ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በተባለ ባክቴሪያ አማካይነት የሚመጣ የዓይን በሽታ ነው። በሽታው በአብዛኛው የሚይዘው ሕፃናትን ነው። ባክቴሪያው የላይኛውን ቆብ የውስጥ ገጽ ያስቆጣና ጥቃቅን እብጠቶችን ያወጣል። ዓይን ይቀላል፤ ኩስ ያመነጫል፤ ዝንብም ይሰበስባል። አንድ ጊዜ የሚይዝ ትራኮማ ብዙውን ጊዜ የከፋ ጉዳት ሳያደርስ ያልፋል። አደጋው የሚመጣው ሕፃኑ በየዓመቱ ደጋግሞ ሲያዝ ነው። ቁስሉ በዳነ ቁጥር ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው እየተደራረበ ሲሄድ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የተቀለበሰው የዓይን ፀጉር በእያንዳንዱ እርግብግቢት የዓይኑን ብሌን ይፍቃል። ብዙ ሰዎች ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ለጊዜው ሕመሙን ያስታግሣሉ። ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። መጨረሻው መታወር ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው ዓይነ ስውርነቱ በጎልማሳነት ወይም በእርጅና ዘመን የሚታይ ቢሆንም፣ ሥሩ የሚተከለው በሕፃንነት ነው። በሽታው ከሕፃን ወደ ሕፃን፣ ከሕፃን ወደ እናት የሚተላለፈው በጣት፣ በዝንብና በጨርቅ ነው። እናት የአንዱን ልጅ ዓይን የጠረገችበትን የነጠላ ጫፍ ለሌላው ልጅ ትጠቀምበታለች፤ ልጆች በአንድ ቁርበት ላይ አብረው ይተኛሉ። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ በትራኮማ ለመታወር የሚጋለጡትም በአመዛኙ ከሕፃናት ጋር ካላቸው የዘወትር ቅርበት የተነሣ ነው። የትምህርት ጉዳይም እዚሁ ላይ ይነሣል። ዓይኑን የሚያመው ተማሪ ሰሌዳውን በሚገባ አያይም፤ የታወረች አያት ያለችበት ቤት ደግሞ የሚመራት ልጅ ያስፈልገዋል፤ ያ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል።

የበሽታው ስፋት በአገር አቀፍ ደረጃ በጉልህ የታወቀው በ1998 ዓ.ም. በወጣው የዓይነ ስውርነት፣ የደካማ ዕይታና የትራኮማ ጥናት ነው። በዚያ ጥናት መሠረት በመላው አገሪቱ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ ሕፃናት መካከል 40 ከመቶ የሚሆኑት በዓይናቸው ላይ ንቁ ትራኮማ ታይቶባቸዋል። በአማራ ክልል ግን ቁጥሩ 62.6 ከመቶ ደርሶ ነበር። ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በሌላ አነጋገር 50 ሕፃናት በተቀመጡበት አንድ የአንደኛ ክፍል ውስጥ ከ30 የሚበልጡት ዓይናቸው የታመመ ነበር ማለት ነው።

መድኃኒትና ኑሮ፤ የሁለት መንገዶች ታሪክ

ትራኮማ የድሆች አገሮች በሽታ ብቻ ሆኖ የኖረ አይደለም። በ1798 እ.ኤ.አ. ናፖሊዮን ወደ ግብፅ ባደረገው ዘመቻ የተሳተፉ የፈረንሣይና የእንግሊዝ ወታደሮች የዓይን ሕመሙን ይዘው ወደ አውሮፓ ተመለሱ። በሽታው በጦር ሠፈሮች፣ በድሆች ማሳደጊያዎችና በተጨናነቁ የሠራተኛ መንደሮች ተዛመተ። በአሜሪካም በኒው ዮርክ ወደብ የሚገቡ ስደተኞች ቆባቸው እየተገለበጠ ይመረመሩ ነበር፤ ትራኮማ የተገኘበትም ወደ መጣበት ይመለስ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሲደርስ በሽታው ከአብዛኛው አውሮፓ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። አብዛኛው ቅነሳ የታየው አንቲባዮቲክ በሰፊው ከመዳረሱ በፊት ነው። ቤቶች ሰፉ፤ ውሃ በቧንቧ ወደየቤቱ ገባ፤ የሰው ዓይነ ምድር ከመንደር ተወገደ፤ የሕዝቡ ገቢና ትምህርት ከፍ አለ። ኑሮ ሲለወጥ በሽታው ሄደ።

የበሽታውን ምንጭ ፈልጎ የማግኘቱ ሥራ በሌላ መንገድ ቀጠለ። በ1907 እ.ኤ.አ. ሃልበርሽቴተርና ፕሮቫዜክ የተባሉ ተመራማሪዎች በጃቫ ደሴት ከታመሙ ዓይኖች በተወሰደ ናሙና ውስጥ የበሽታውን ምልክት በማይክሮስኮፕ አዩ። ቻይናዊው ሐኪም ታንግ ፌይፋን ተዋህሲውን በእንቁላል ውስጥ አሳድገው ለመለየት ችለው ግኝታቸው በታወቀበት በ1957 እ.ኤ.አ. የበሽታው ምንጭ ከጥርጣሬ ወጣ። ከዚያ በኋላ የቴትራሳይክሊን ቅባት ዋና መድኃኒት ሆነ። ቅባቱ በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት መቀባት ነበረበት። ዓይኑን የሚያቃጥለውንና ዕይታውን የሚያደበዝዘውን ቅባት ለስድስት ሳምንት ሳያቋርጡ በሚያለቅስ ሕፃን ዓይን ላይ መቀባት ለእናቶች ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

በ1993 እ.ኤ.አ. በጋምቢያ የተደረገ ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒት ከስድስት ሳምንቱ ቅባት የማያንስ ፈውስ እንደሚሰጥ አሳየ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። በአሥር ዓመቱ ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት አራት ክፍሎች ያሉትን የመከላከያ ስልት አጸደቀ፤ እነርሱም ለተቀለበሰ ቆብ ቀዶ ሕክምና፣ ለመላው ማኅበረሰብ የሚታደል አንቲባዮቲክ፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ መሻሻል ናቸው። በ1998 እ.ኤ.አ. የዓለም የጤና ጉባኤ እስከ 2020 ድረስ ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንዲያበቃ ወሰነ።

በስልቱ ውስጥ ሁለቱ የታሪክ መንገዶች ተገናኝተዋል። ቀዶ ሕክምናውና ክኒኑ ከቤተ ሙከራና ከሐኪም ቤት የመጡ ናቸው። የፊት ንጽሕናውና የአካባቢ መሻሻሉ ደግሞ አውሮፓ ያለ መድኃኒት ካለፈችበት የኑሮ ለውጥ ትዝታ የተቀዱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጥናት የተደገፈ ብዙ ማስረጃ ነበራቸው። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ይበልጡን የቆሙት በታሪክ ምስክርነትና በአስተዋይ ግምት ላይ ነበር።

በአማራ ክልል የቀደሙ ጥናቶች

በአገራችን ሕዝብን ስለ ንጽሕና ማስተማር ከጤና አገልግሎት ጋር አብሮ የኖረ ተግባር ነው። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ብቻ ሳይሆን የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችንም በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የመላክን ሐሳብ ይዞ ተነሥቷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህንኑ ሐሳብ እስከ ቀበሌ አደረሰው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ ክልል የወባና የትራኮማ ሳምንት በሚል ስያሜ አዚትሮማይሲን ለሕዝቡ በጅምላ ሲታደል ቆይቷል። ለሕፃናት የሚሰጠው መጠን በቁመት መለኪያ ዘንግ ይወሰናል፤ ስድስት ወር ላልሞላቸው ሕፃናት ደግሞ ቅባቱ ይሰጣል።

ከዚሁ ጎን ለጎን ክልሉ የምርምር ቦታ ሆነ። በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በ1998 ዓ.ም. የተጀመረ ጥናት፣ ማኅበረሰቦችን በዕጣ እየለየ የመድኃኒቱን ውጤት መርምሯል። ጥናቱ መድኃኒቱ በዓይን ላይ ያለውን ባክቴሪያ በእጅጉ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ከዚህም ሌላ ያልታሰበ ነገር አሳየ። መድኃኒቱ ባልታደለባቸው ማኅበረሰቦች ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ ሕፃናት በዓመት ከ1,000 ውስጥ 8.3 ያህሉ ሲሞቱ፣ በታደለባቸው ግን 4.1 ብቻ ሆነ። ይህ ግኝት በ2009 እ.ኤ.አ. ሲታተም ሰፋ ያለ ምርምር እንዲደረግ መንገድ ከፈተ፤ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ትልቅ ጥናት በሦስቱ አገሮች ተደምሮ የሕፃናት ሞት በ13.5 ከመቶ መቀነሱን አሳየ። የጎጃም ገበሬ ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ለዓለም የሕፃናት ጤና ምርምር አዲስ በር ከፋች ሆነ ማለት ነው።

በዚያው ወረዳ የመጸዳጃ ቤት ሥራ ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ሌላ ጥናት ተደርጎ ነበር። መድኃኒቱ ለሁሉም አንድ ጊዜ ከታደለ በኋላ በዕጣ የተመረጡ ማኅበረሰቦች መጸዳጃ ቤት እንዲሠሩ ተቀሰቀሱ። የመጸዳጃ ቤቱ ቁጥር ጨመረ፤ በሕፃናቱ ዓይን ላይ ባለው ባክቴሪያ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ከዚህ ቀደም በታንዛኒያ በኮንግዋ አካባቢ ተካሂዶ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በበኩሉ፣ ቅባት ከታደለ በኋላ ፊት መታጠብን አጥብቆ ማስተማር የከፋውን የትራኮማ ዓይነት እንደቀነሰ አመልክቶ ነበር። እንግዲህ ማስረጃው የተከፋፈለ ነበር። ውሃን፣ ሳሙናን፣ መጸዳጃ ቤትንና ትምህርትን አንድ ላይ አስተባብሮ፣ ያለ መድኃኒት ዕርዳታ፣ ውጤታቸውን የሚለካ ጥናት ማስፈለጉ ግልጽ ሆነ።

የሰቆጣው ጥናት

የዋግ ደጋዎች ለዚህ ጥያቄ ተገቢ ቦታ ነበሩ። አገሩ በተከዜና በገባሮቹ ሸለቆዎች የተቆራረጠ፣ ዝናቡ የማይታመን፣ ውሃ ከሩቅ በጀርባ የሚቀዳበት ነው። የዋግ ስም በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ከደረሰው ድርቅና ረኃብ ጋር ተያይዞ በብዙዎች አእምሮ ተቀርጿል። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ የተሰየመውም ያንን ታሪክ በማስታወስ ነው። ቃል ኪዳኑ ለምግብ ብቻ ሳይሆን ለንጹሕ ውሃና ለጤና አጠባበቅም ቦታ ሰጥቷል። የትራኮማው ጥናት የተጀመረው ይህ ቃል በተገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በአንድ ወቅት፣ በአንድ አገር ስም አንድ ታላቅ ተስፋ ተነገረ፤ ከተስፋው ክፍሎች የአንዱን ክብደት የሚመዝን ሥራም ተጀመረ።

ጥናቱን ያካሄዱት በኢትዮጵያ የሚሠራው የካርተር ማዕከል፣ የአማራ ክልል ጤና ቢሮና በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፕሮክተር የዓይን ምርምር ተቋም በመተባበር ነው። 40 የገጠር ማኅበረሰቦች ተመረጡ። በዕጣም 20ዎቹ አገልግሎቱን ወዲያው እንዲያገኙ፣ የቀሩት 20ዎቹ ደግሞ ለማነጻጸሪያ እንዲቆዩና አገልግሎቱ በኋላ እንዲደርሳቸው ተደረገ። ዕጣ የተጣለው ለፍትሕ ብቻ አይደለም። ለመንገድ የቀረበ፣ ትጉህ አመራር ያለው ወይም ምንጭ የበዛበት መንደር ወደ አንድ ወገን ተሰብስቦ ውጤቱን እንዳያዛባ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ 20 ማኅበረሰቦች የውሃ መቅጃ ቦታዎች ተሠሩ፤ በየቤቱ የመታጠቢያ ዕቃ ተዘጋጀ፤ ሳሙና ታደለ፤ ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩ ሠራተኞች በመንደሩ ተመደቡ፤ የመጸዳጃ ቤት ሥራ ተበረታታ። ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ልዩ ትኩረት የሚሻው ነገር ግን፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ የንጽሕና ሥርዓተ ትምህርት የሥራው አንድ ክፍል መሆኑ ነው። ይህ ማለት የመማሪያ ክፍሉ ራሱ ከሚለኩት ነገሮች አንዱ ሆነ ማለት ነው። በጥናቱ ዘመን ውጤቱ እንዳይደባለቅ በእነዚህ ማኅበረሰቦች አስቀድሞ ይደረግ የነበረው የጅምላ መድኃኒት ዕደላ ቆሞ ነበር። በየዓመቱ ዕድሜያቸው ከ0 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ሕፃናት የላይኛ ቆባቸው እየተገለበጠ በጥጥ ናሙና ይወሰድ ነበር፤ ናሙናው በቤተ ሙከራ ተመርምሮ ባክቴሪያው መኖሩ ወይም አለመኖሩ ይታወቅ ነበር።

የተገኘው ውጤት

ጥናቱ ሲጀመር በሁለቱም ወገኖች ከሕፃናቱ 11 ከመቶ ያህሉ በዓይናቸው ላይ ባክቴሪያው ነበረባቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ውሃው፣ ሳሙናውና ትምህርቱ በደረሳቸው ማኅበረሰቦች ቁጥሩ 32 ከመቶ ሆነ። ለማነጻጸሪያ በቆዩት ደግሞ 31 ከመቶ ሆነ። የሦስቱ ዓመታት ምርመራዎች ተጠቃለው ሲሰሉ በሁለቱ ወገኖች መካከል የተገኘው ልዩነት 3.7 ነጥብ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በአጋጣሚ ከሚመጣ ልዩነት ተለይቶ የማይታይና ለንጽሕናው ሥራ የማያደላ ነበር። ውጤቱ በ2014 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ታተመ።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገሮች ይነበባሉ። አንደኛው፣ የጅምላ መድኃኒቱ ሲቆም በሽታው በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ መጨመሩ ነው። ሁለተኛው፣ የተደረገው የንጽሕና ሥራ ሁሉ ይህንን ጭማሪ ለመግታት አለመቻሉ ነው። ይህ ዕውቀት ያለ ዋጋ የተገኘ እንዳልሆነም መዘንጋት አይገባም። በሁለቱም ወገን የነበሩት ሕፃናት መድኃኒቱ በቆመባቸው ዓመታት በሽታው ሲበዛባቸው ቆይተዋል። የእነርሱ ዓይን ያስተማረውን ቁም ነገር ሳያነቡ ማለፍ ዋጋውን ከንቱ ማድረግ ይሆናል።

ውጤቱ የሚለውና የማይለው

ይህን ውጤት ሁለት ወገኖች በሁለት መንገድ ሊሳሳቱበት ይችላሉ። አንደኛው ወገን፣ «እንግዲያውስ ንጽሕና ከንቱ ነው፤ የንጽሕና ትምህርትም ከመጽሐፉ ይውጣ» ሊል ይችላል። ይህ ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው። ጥናቱ የለካው በሽታው እጅግ በተስፋፋበት አገር፣ በሦስት ዓመት ጊዜ፣ ያለ መድኃኒት፣ በአንድ የዓይን በሽታ ላይ የታየውን ውጤት ነው። መድኃኒት በሽታውን ዝቅ ካደረገው በኋላ ንጽሕና መልሶ እንዳያንሠራራ ይረዳል ወይ የሚለውን ጥያቄ አልመለሰም። ንጹሕ ውሃ በአቅራቢያ መገኘቱ ለእናትና ለሴት ልጅ የሚያሳርፈው ድካምም በባክቴሪያ ቁጥር የሚለካ አይደለም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ውጤቱ ስላልተመቸው ዝም ብሎ ሊያልፈውና እንደ ቀድሞው፣ «ፊታችሁን ከታጠባችሁ ትራኮማ አይዛችሁም» እያለ ሊያስተምር ይችላል። ይህም ስሕተት ነው። ተማሪው ፊቱን እየታጠበ ዓይኑ ቢታመም ወይ መምህሩን አያምንም፣ ወይም ሕመሙ የራሱ ጥፋት ይመስለዋል።

ትክክለኛው ንባብ በእነዚህ መካከል ይገኛል፤ ለዚህም የሚረዳን የአውሮፓው ታሪክ ነው። በዚያ በሽታውን ያጠፋው የኑሮ ለውጥ ቤትን፣ ገቢን፣ የቧንቧ ውሃን፣ የፍሳሽ ማስወገጃንና ትምህርትን ያካተተ፣ በትውልድ ዘመን የሚቆጠር ለውጥ ነበር። በመንደር አንድ የጎለበተ ምንጭና በቤት አንድ ቁራጭ ሳሙና የዚያ ለውጥ ጅማሮ እንጂ ሙሉው አይደሉም። ከምንጩ በጀሪካን ተሸክማ የመጣች እናት ውሃውን በቅድሚያ ለመጠጥና ለወጥ ታውላለች፤ ለከብቶችም ታስባለች፤ የአምስት ልጆችን ፊት በቀን ሁለት ጊዜ ለማጠብ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የውሃ ማነስ ነው። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ ተካሂደው በ2018 እና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተሙት ትላልቅ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። በእነዚያ አገሮች የተደረገው ተመሳሳይ የውሃና የንጽሕና ሥራ የሕፃናትን ቁመት ዕድገት አላሻሻለም፤ ተመራማሪዎቹም ለውጥ ለማምጣት ሥራው እስከ ዛሬ ከተሞከረው እጅግ የጠለቀ መሆን አለበት ወደሚል አስተያየት ደርሰዋል።

ለትምህርት ዕቅድ የሚሰጠው ቁም ነገር

ከዚህ በላይ የተገለጸው ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አዘጋጂዎች ቢያንስ አራት ነጥቦችን ያመለክታል።

አንደኛ፣ የጤና ትምህርት የሚመዘነው በተሰጠው የክፍለ ጊዜ ብዛት ወይም ተማሪው በፈተና በመለሰው መልስ ብቻ መሆን የለበትም። ተማሪው፣ «ፊቴን በውሃና በሳሙና እታጠባለሁ» ብሎ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ በቤቱ ግን ውሃም ሳሙናም ላይኖር ይችላል። ዕውቀት፣ ድርጊትና ውጤት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ በየራሳቸው መለኪያ መታየት ይኖርባቸዋል።

ሁለተኛ፣ የትምህርቱ ይዘት ከማስረጃው ጋር መስማማት አለበት። ፊት መታጠብ ጥሩ ልማድ መሆኑ ይነገር፤ ነገር ግን ብቻውን በቂ መሆኑ አይነገር። ትራኮማ በብዛት ባለበት አካባቢ መላው ቤተሰብ በዕደላው ቀን ወጥቶ መድኃኒቱን መውሰድ እንዳለበት፣ የዓይን ፀጉራቸው የተቀለበሰባቸው ሽማግሌዎችና እናቶችም በወረንጦ ከመንቀል ይልቅ ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድ እንዳለባቸው በትምህርቱ ውስጥ ሊካተት ይገባል። ተማሪው ይህንን መልእክት ወደ ቤት ሲያደርስ አንዲት አያት ከመታወር ልትድን ትችላለች። በዋግ አማርኛና ኽምጣና የሚነገሩ በመሆናቸው መልእክቱ ሕፃኑ በቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ መዘጋጀቱም አስፈላጊ ነው።

ሦስተኛ፣ ትምህርትን በውሃ ምትክ ማቅረብ አይገባም። ውሃ የሌለው ትምህርት ቤት ስለ መታጠብ ሲያስተምር ተማሪው የሚማረው ቃልና ተግባር እንደማይገናኙ ነው። የትምህርት ቤት ግንባታ ሲታቀድ የውሃ ቦታና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት እንደ ተጨማሪ ሳይሆን እንደ መማሪያ ክፍል ሁሉ አስፈላጊ ሆነው መታየት አለባቸው።

አራተኛ፣ የሰቆጣው ጥናት ራሱ ሊማሩት የሚገባ ነው። በላይኞቹ ክፍሎች በሳይንስና በሒሳብ ትምህርት ሁለቱን ወገኖች ማነጻጸር ለምን እንዳስፈለገ፣ ዕጣ ለምን እንደተጣለ፣ 11 ከመቶ ወደ 32 ከመቶ ሲያድግ ምን ማለት እንደሆነ ተማሪዎች ሊያሰሉና ሊከራከሩበት ይችላሉ። የማነጻጸሪያ ወገን ባይኖር ኖሮ የበሽታውን መጨመር ያየ ሰው የንጽሕናው ሥራ ጎጂ ነው ብሎ ሊያስብ ይችል ነበር፤ ወይም በሽታው በቀነሰበት ጊዜ ምስጋናውን ሁሉ ለሥራው ሊሰጥ ይችል ነበር። የሁለቱም ስሕተት መድኃኒት ማነጻጸር ነው። ተማሪዎች በገዛ አገራቸው ከተሠራ ምርምር ይህን ቢማሩ ትምህርቱ ከሩቅ እንደመጣ እንግዳ ነገር አይቆጠርም።

ማጠቃለያ

በ1998 እ.ኤ.አ. ለ2020 የተያዘው የዓለም ግብ በኢትዮጵያም ሆነ በበርካታ አገሮች በጊዜው አልተደረሰበትም፤ ቀኑም ወደ 2030 እ.ኤ.አ. ተሸጋግሯል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የጅምላ ዕደላውን አስተጓጎለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ ወደ ዋግ ደርሶ ጤና ተቋማትንና ትምህርት ቤቶችን ጎዳ። በሌላ በኩል ግን ግቡ ሊደረስበት የማይችል ሕልም አይደለም። ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018፣ ጋምቢያ በ2021 እ.ኤ.አ. ትራኮማን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ማስወገዳቸው ተረጋግጧል።

ከዋግ ኽምራው ምርምር ታሪክ የሚገኘው ዋና ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው። ንጽሕና የሰው ልጅ ክብርና ጤና መሠረት መሆኑ አልተሻረም፤ የተሻረው በጥቂት ውሃ፣ በጥቂት ሳሙናና በጥቂት ትምህርት የድህነትን ረጅም ሥራ በአጭር ጊዜ መንቀል ይቻላል የሚለው እምነት ነው። ትምህርት ቤት የራሱን ድርሻ ማወቅ አለበት። የውሃ ሥራ ክፍሉን፣ የጤና ጣቢያውንና የእርሻውን ሥራ ተክቶ ሊሠራ አይችልም፤ እነርሱም የመምህሩን ሥራ ሊተኩት አይችሉም። መምህሩ ማድረግ የሚችለው እውነቱን በልኩ ማስተማር፣ ልጆቹ መድኃኒቱን በጊዜው እንዲያገኙ መርዳትና ውሃው እስኪደርስ ድረስ አለመድረሱን ለሚመለከተው ሁሉ በግልጽ ማስታወቅ ነው። ይህ ሲሆን 40 ማኅበረሰቦች ለሦስት ዓመት ልጆቻቸውን ለምርመራ እያቀረቡ ያስገኙት ዕውቀት በቦታው ይውላል።